በካባው በር ላይ የተመዘገበው ስም

ትሬቬሊን፣ ፓታጎኒያ
ማርች 4 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ ለኤሊኔድ ቤቫን
ኩም ሄስጊን፣ ዌልስ

ከምድር ጥግ የተነሣ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እኔ፣ ባለቤቴ ሚርታና አባቴ ኤልቪዮ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎን ጤና እንዳልጠይቅ እንኳን ጤናዎን መልክዎንም አላውቅ። የማውቅዎ በኢንተርኔቱ የዌልሽ መዝገበ ዕውቀት የውይይት ገጽ ላይ «የማዶ ሰፈር አሮጊት» በሚል ስም ሰው ሲገሥጹ ነው። ባለፈው ወር እኔንም ገሥጸውኛል። «ደቡብ ነፋስ» የሚባለው እኔ ነኝ።

ነገሩን ያስታውሱት እንደሆነ፣ ስለ ሄስጊን ድንጋይ ካባ የሥራ ማቆም አድማ በተጻፈው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር። «ግሪፊዝ ፓሪ ከአድማው መሪዎች አንዱ ነበር፤ በዚህም ሥራ ተከልክሎ በ1902 ወደ ፓታጎኒያ ተሰደደ» ይላል። በዚያው ቀን «ምንጭ የለውም» ብለው አጠፉት። ተናድጄ ማን ትሆን ይህቺ ብዬ የእርስዎን ገጽ ከፍቼ ሳነብ፣ የአድማው ኮሚቴ ጸሐፊ የነበረው ኢቫን ፓሪ ቅድመ አያትዎ መሆኑን አየሁ። አክስቴ፣ ኢቫን አንድ ወንድም ብቻ ነበረው። እሱም የአባቴ አያት ግሪፊዝ ነው። ያጠፉት የራስዎን ሥጋ ነው።

በወረቀት የጻፍኩት የውይይት ገጹን ዓለም ሁሉ ስለሚያነበው ነው። የዘመድ ጉዳይ ገበያ መሐል አይወራም።

አባቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። አያቱ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ነው ያሳደገው። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሌላውም እየደከመ ነው። እሱ ሳይጠፋ የግሪፊዝን ስም በአገሩ ቋንቋ በተጻፈው መዝገብ ውስጥ ማየት ይፈልጋል። «እዚያ ከገባ አገሩ ገባ ማለት ነው» ይላል። እባክዎ ምንጭ ይፈልጉልን።

ዌልሽ የተማርኩት በማታ ትምህርት ስለሆነ ስሕተቴን ይለፉልኝ።

ዘመድዎ
ኔስቶር ፓሪ


ኩም ሄስጊን
አፕሪል 24 ቀን 2018

ለልጄ ለኔስቶር

ሰላምና ጤና ለአንተ፣ ለሚርታ፣ ከሁሉ በላይ ለአባትህ። ደብዳቤህ አርባ ቀን ተጉዞ ደረሰኝ። የኔን ጤና ለጠየቅከው፣ ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ ይነግረኛል፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን የለምና ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዌልሽህ ምንም አይልም። ነፍሷን ይማርና አያቴ ሰባኪ እቤት ሲመጣ የምትናገረውን ይመስላል።

ዘመዴ መሆንህን ባውቅም ያንን ዓረፍተ ነገር አጠፋው ነበር፤ እንዳትቀየመኝ። አሠራራችን እንዲህ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ በተዘጋው ጸሎት ቤት የጎን ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። እኔ፣ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ግዊሊም ቱዶርና ሜና ሎይድ ነን ዋናዎቹ። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ሰባኪዎቹ፣ ስለ ድሮው የከብት ገበያ እስካሁን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፈናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሌላ ቦታ ታትሞ ያልወጣ ነገር አይገባም። ግዊሊም ደግሞ በዚህ ቀልድ አያውቅም። መልአኩ ገብርኤል ቢወርድ የገጽ ቁጥር ይጠይቀዋል። ባለፈው ማክሰኞ ሜና የዘቢብ ዳቦ ይዛ መጥታ «የእናቴ አሠራር ነው» ብትል፣ «ታትሟል?» አላት። «አንተ ሰውዬ፣ ጉረስና ዝም በል!» አለችው።

ኢቫንን ያነሣህ እንደሆነ፣ እሱ ምንጭ አለው። «በአድማው ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ የካባውን በር አልረገጠም» የሚለው በድልድዩ ራስ ላይ ባለው የመታሰቢያ ሰሌዳ ተቀርጿል። በ2015 መጋረጃውን የሳብኩት እኔ ነኝ። በዚያን ዘመን አድመኞች መስኮታቸው ላይ የሚሰቅሉት «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» የሚል ካርድ ነበር። የእሱ ካርድ ሙዚየም ገብቷል።

ለግሪፊዝም እፈልግለታለሁ፤ ቃሌ ነው። እስከዚያው የመቃብሩንና የጸሎት ቤታችሁን ፎቶ ላክልኝ። ራስህ አንሳው፤ የሌላ ሰው ፎቶ ከሆነ በማግስቱ ከመዝገቡ ያጠፉብናል።

አክስትህ
ኤሊኔድ


ትሬቬሊን
ጁን 13 ቀን 2018

ለተወደዱ አክስቴ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኛ ጋ በረዶው ቀድሞ መጥቶ ቀኑን ሙሉ መንገድ ጠራጊ ማሽን ላይ ነው የምውለው። አባቴን ደረቱን አሞት ሦስት ሳምንት አስተኝቶት ነበር፤ አሁን ተነሥቶ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻዩን እየጠጣ እኔን መቆጣት ጀምሯል፤ ድኗል ማለት ነው።

ፎቶዎቹ በፖስታው ውስጥ አሉ። ደብዳቤዎን ለአባቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ዳቦው ጋ ሲደርስ ሳቀና «ይህን ግዊሊም የሚሉትን ሰውዬ እዚህ አምጥታችሁ ከሚርታ ጋር አጋጥሙልኝ» አለ።

ከዚያ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። ግሪፊዝ ስለ ፈረስና ስለ ወንዝ ሲያወራ ይመሽ ነበር። ስለ ካባው የጠየቀው ሰው ካለ ግን ተነሥቶ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል፤ በጋም ቢሆን። ለገና ለገና ለኢቫን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ፖስታ ቤት የሚወስደው አባቴ ነው። «ስሙን ሲፈርም ብዕሩን ስለሚጫነው ወረቀቱ ይቀደድ ነበር፤ ይህንን ንገርልኝ» ብሎኛል።

አክስቴ፣ እነዚያ ደብዳቤዎች ካሉ ያሉት በእርስዎ ቤት ነው። እባክዎ ይመልከቱልን። ስለ አድማው አንድ መስመር ቢገኝ ለእኛ ይበቃናል።

ኔስቶር


ኩም ሄስጊን
ኦክቶበር 9 ቀን 2018

ለኔስቶር

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ በጋው ሥራ የበዛበት ነበር። ጸሎት ቤቱን ሊሸጡት ነው ይባላል። እኛንም ወዴት እንደሚወስዱን አናውቅም። ስለ ፈዋሽ ጠበሎቹ የተጻፈው ገጽ አልቋል፤ ፎቶዎችህም ገብተዋል፤ ተመልከታቸው።

ስለ ግሪፊዝ የሚረዳህ ነገር አላገኘሁም። የድሮ ነገር ሁሉ ተጽፎ አልቀረም። እኔ ብሆን አባትህን በዚህ ነገር አላስጨንቀውም ነበር። ጤናው ይበልጣል።

አባትህን ብርድ እንዳያገኘው አደራ።

ኤሊኔድ


ትሬቬሊን
ዲሴምበር 2 ቀን 2018

ለወይዘሮ ኤሊኔድ ቤቫን

ጤና ይስጥልኝ።

ኖቬምበር አሥራ ሦስት ቀን ግዊሊም ቱዶር አድማው ገጽ ላይ አዲስ ክፍል ጨመረ። አድመኞቹ ራሳቸው ያሳትሙት በነበረው ጋዜጣ በ1901 የወጣ ነው፤ ከካባው በር መዝገብ ተገልብጦ፣ አድማውን ሰብረው ሥራ የገቡ የአሥራ አራት ሰዎች ስም ዝርዝር። ሰባተኛው «ግሪፊዝ ፓሪ» ይላል። ከላዩ «ከሃዲዎች» የሚል ርእስ አለው። ቀን አለው፣ የገጽ ቁጥር አለው። መልአኩም ቢሆን ከዚህ የበለጠ አያመጣም።

በውይይት ገጹ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በጨዋ ደንብ ጠየቅኩዎ። «የተከበሩ የሥራ ባልደረባ፣ ይህ ዝርዝር የሚታመን ነው?» አልኩ። እርስዎ ሦስት ቃል መለሱልኝ። «ምንጩ የሚታመን ነው።»

አባቴ እንዳይሰማ ደብቄው ነበር። የጎረቤታችን ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አንብባው መጥታ፣ ደስ የሚለው መስሏት፣ «አያትዎ ኢንተርኔት ላይ ወጡ» ብላ አነበበችለት። በማግስቱ «እንጨት የሚፈልጠው ለዚህ ነበር ለካ» አለኝ። ከዚያ የግሪፊዝን ፎቶ ከግድግዳ አወረደው። ራሱ ወንበር ላይ ቆሞ፣ በዚያ ዓይኑ። ምግብም እምቢ ብሏል፤ ሾርባ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኦክቶበር ላይ «አላገኘሁም» ሲሉኝ ያውቁ ነበር?

ኔስቶር ፓሪ


ኩም ሄስጊን
ጃኑዋሪ 10 ቀን 2019

ልጄ ኔስቶር

የጌታ ሰላም ከአባትህ አልጋ አይለይ። ጥያቄህን ልመልስ። አዎ፤ አውቅ ነበር። ዝርዝሩን ሳይሆን ከዝርዝሩ የከፋውን።

የጁን ደብዳቤህ እንደደረሰኝ የእናቴን የኦርጋን መቀመጫ ከፈትኩ። ክዳኑ ሥር የመዝሙር መጻሕፍት፣ ከሥራቸው የፓታጎኒያ ደብዳቤዎች ታስረው ተቀምጠዋል። እናቴ «ስለ ዝናብና ስለ ፈረስ ነው» ትለኝ ስለነበር ከፍቼ አላውቅም። ብዙዎቹ እውነትም ስለ ዝናብና ስለ ፈረስ ናቸው። የ1904ቱ ግን ሌላ ነው። አባትህ እንዳለው ፊርማው ጋ ወረቀቱ ተቀዷል። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ ኢቫን፣ በየደብዳቤህ ይቅርታ መጠየቅህን ተው። ያን ጠዋት ኮቴን ለብሰህ ስትወጣ ነቅቼ ነበር። በበሩ ላይ ስሜን መስጠትህን ግን በጋዜጣው ነው ያወቅኩት። እኔ አይደለሁም ብል 'ታዲያ ማነው?' ይሉ ነበር። ሚስትህ ታማለች፣ አራት ልጅ አለህ፣ የኮሚቴው ጸሐፊም ነህ። እኔ ምን አለኝ? እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ያጣሁት ስም የለም። ልጆችህ በሕይወት እስካሉ አትናገር። ከእነሱ በኋላ ያለው እንደ ወደደ ያድርግ።»

ከደብዳቤዎቹ እንደተረዳሁት፣ ኢቫን ዘጠኝ ቀን ሠርቶ ነው የተወው። ካርዱን ግን ከመስኮቱ አላወረደም። ከልጆቹ የመጨረሻዋ አያቴ ናት፤ በ1979 ሞተች። ቀጠሮው ካለፈ አርባ ዓመት ሆነው ማለት ነው። ከእነሱ በኋላ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። «አንድ ቀን እንኳ በሩን አልረገጠም» የሚለውን በ2012 መዝገቡ ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ጀማሪዎች ስለነበርን ያለ ምንጭ፣ ከአያቴ አፍ እንደ ሰማሁት። የመታሰቢያ ኮሚቴው ከእኛ ገጽ ገልብጦ ሰሌዳው ላይ አስቀረጸው። ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ አንዱ በጎ ፈቃደኛ መጥቶ ለዓረፍተ ነገሬ ምንጭ አድርጎ ሰሌዳውን ጻፈበት። የራሴ ቃል ዞሮ መጥቶ ለራሴ መሰከረልኝ። ያንተን ደግሞ ምንጭ የለውም ብዬ አጠፋሁ።

ግዊሊምን ስም ሳልጠራ «በእጅ የተጻፈ የቤተሰብ ደብዳቤ ቢገኝስ?» አልኩት። «አልታተመም፤ አይሆንም» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጋዜጣው የያዘውን ይዟል። መንገዱ አንድ ነው፦ ደብዳቤውን በሸለቆው ወርሃዊ ጋዜጣ ላይ በስሜ ማሳተም። ኔስቶር፣ እፈራለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ዳቦ ልገዛ ስወጣ በዚያ ሰሌዳ ሥር ነው የማልፈው። ሰዉ ሁሉ «የኢቫን ፓሪ ዘር» እያለ ነው ያሳደገኝ። ሌላ የምታወቅበት ነገር የለኝም።

የደብዳቤውን ቅጂ ይኸው። ለአባትህ አንብብለት። እሱ ካወቀ አይበቃም ወይ? አይበቃም ካልክ ንገረኝ።

አፍራ የጻፈችልህ
ኤሊኔድ


ትሬቬሊን
ማርች 3 ቀን 2019

ለአክስቴ ኤሊኔድ

ጤናዎን እመኛለሁ።

ደብዳቤዎ ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ ቀን ደረሰ። አባቴ የሞተው ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን ነው። ደረቱ ነው፤ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ሌላ ነገር አልልም።

በመጨረሻው ሳምንት «ከአያቴ አጠገብ እንዳትቀብሩኝ» ብሎ ነበር። ቃሉን ጠብቄ ሌላ ቦታ ቀበርኩት። አሁን ደብዳቤዎን አንብቤ ምን ላድርግ? ላውጣው?

ይበቃል ወይ ላሉኝ፣ የሚበቃው ሰው ስለሌለ እኔ መመለስ አልችልም። እንደ ወደዱ ያድርጉ፤ ግሪፊዝም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ከመዝገቡ ወጥቻለሁ። «ደቡብ ነፋስ» የሚለውን ስም ዘግቼዋለሁ።

ኔስቶር


ኩም ሄስጊን
ሜይ 21 ቀን 2019

ለውድ ልጄ ለኔስቶር

እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ሚርታንም ያጽናልህ። ነፍስ ይማር የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ነፍሱን ይማር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሸለቆውን ጋዜጣ ልኬልሃለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የግሪፊዝ ደብዳቤ ከፎቶው ጋር ሙሉውን ወጥቷል። ከሥሩ የኔ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ኮቱ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን፣ ስለ ሰሌዳው፣ ከጁላይ ጀምሮ ዝም ስለ ማለቴም። ሜና ቀድማ አንብባው «የመጨረሻውን አውጪው እንጂ፤ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። አላወጣሁትም። ሰሌዳው እንዲነሣም ለመታሰቢያ ኮሚቴው አመልክቻለሁ። አንዳንዱ ሰው ሰላምታ ትቶኛል። ሥጋ ሻጩ ግን አየት አደረገኝና «ቋሊማ ያው እንደ ወትሮው ነው?» አለ፤ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

መዝገቡ ላይ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነበር። እኔ ጸሐፊዋ ስለሆንኩ የራሴን ጽሑፍ ምንጭ አድርጌ ማስገባት አልችልም። አንተም ዘመድ ነህ፤ ወጥተሃልም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ግዊሊም ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ዝርዝሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ምንጭ ነበረህ» አልኩት።

«ነበረኝ እንጂ! ነገሩ የሚያናድደው እሱ ነው። ቁጭ በይ፤ እኔ እጽፈዋለሁ።»

በሁለት ጣቱ እየጻፈ ቃል በቃል አነበበልን። «በበሩ መዝገብ ግሪፊዝ ፓሪ ተብሎ የተመዘገበው ወንድሙ ኢቫን ፓሪ ነበር። ግሪፊዝ ይህን ሳይገልጥ በ1902 ወደ ፓታጎኒያ ሄደ።» ከግርጌው ጋዜጣውን፣ ቀኑንና የገጹን ቁጥር አስቀመጠ። ስለ ኢቫን ከድሮ ጀምሮ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እኔ እንዳጠፋው ወንበሩን ለቀቀልኝ። አጠፋሁት። ሜና ጀርባዬን ይዛኝ ነበር።

ከዚያ ግዊሊም ለግሪፊዝ የራሱ ገጽ ይገባዋል አለና ጀመረው። የተወለደበትን ከታተመው የደብሩ መዝገብ አገኘ፤ የሄደበትን ከመርከቡ ዝርዝር አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ስለ ፈረስ ምን ያወራ እንደነበር፣ እዚያ እንዴት እንደኖረ አንድም የታተመ ነገር የለም። «እዚያ የሚያውቀው ሰው ቢኖር በሸለቆው ጋዜጣ አስጽፈን እናስገባው ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው ያጣው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጉልበቱ ላይ ያሳደገው የልጅ ልጁ እስከ ፌብሩዋሪ ሁለት ድረስ ነበረ አልኩት።

አክስትህ
ኤሊኔድ ቤቫን